ያጠብኳት ኳስ

ባለፈው ቅዳሜ ትንሹ ልጄ ተጫዋች የፈረመባት የቤዝቦል ኳስ ይዞ ሳን ሆዜ ቤታችን ገባ። «ማሚ፣ ሆልድ ዚስ» ብሎ ሊያቀብለኝ ሲል እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ምን ያውቃል።

ነገሩ የሆነው ዲቪ ደርሶኝ ኦክላንድ በገባሁ ሰሞን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤት ለቤት ሽማግሌ የሚያስጦር ኤጀንሲ ቀጠረኝና አባባ ኦቲስ ዘንድ ላከኝ። «አባባ» ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ሳይጠይቁኝ አቤት ይሉ ነበር። ጥቁር ከነጭ ጋር እንዳይጫወት በተከለከለበት ዘመን በጥቁሮቹ ሊግ ስማቸው የገነነ ተጫዋች ነበሩ። እኔ ስለ ቤዝቦል ምኑን አውቄ። የገባኝ ሰፈር ውስጥ ሳንሸራሽራቸው ነው፤ የጸጉር ቤቱ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ይነሡላቸዋል፤ የአውቶቡስ ሾፌር ተሳፋሪ አስቀምጦ ወርዶ ይጨብጣቸዋል። አንዱማ «እሳቸው የመቷት ኳስ እስካሁን አልወረደችም» ብሎኛል። ቤት ስንገባ ግን የበቆሎ ዳቦ በማር የሚወዱ፣ ጣታቸው የተጣመመ፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው።

በበጋው መጀመሪያ ምዕራብ ኦክላንድ ያለ የልጆች መጫወቻ ሜዳ በስማቸው ሊሰየም ሆነ። እሑድ ልጃቸው ከሪችመንድ መጥታ ልትወስዳቸው ነው። ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጋደም ሲሉ ቤቱን ሳጸዳ ኮሞዲኖው ላይ ለነገ ያዘጋጇትን አንዲት ኳስ አየሁ፤ ቡኒ፣ በቀለም የተጨማለቀች። ከነቆሻሻዋ ይዘዋት ሰው ፊት ሊቀርቡ ነው? እኔ እያለሁማ አይሆንም። እናቴ ያስተማረችኝን ሙያ አወጣሁና በሳሙናና በበረኪና ፈተግኳት። ነጭ ሆነች። መስኮት ላይ አሰጣኋትና ምርቃቴን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሲነሡ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው፣ አገላብጠው አዩዋት።

«ስሞቹስ?» አሉኝ።

ያ ሙንጭርጭር ሁሉ ለካ ፊርማ ነው። ዋንጫ በበሉበት ዓመት ስምንቱ ጓደኞቻቸው የፈረሙባት ናት፤ ስምንቱም ሞተዋል። የነጮቹ ጋዜጣ አልጻፈላቸው፣ ሌላ መዝገብ የለ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

ልጃቸው በስልክ ስትሰማ «አሁኑኑ ኤጀንሲው ጋ ኮል አደርጋለሁ፣ እንዲያባርሯት» ስትል እኔም ሰማሁ።

«የትም አትሄድም» አሏት። ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሺ ልጄ። ሳልረሳቸው ብዕር አምጪ።»

በእንግሊዝኛ መጻፉ ስላልፈጠነልኝ በአማርኛ ያዝኩት። ሬይ፣ አውቶቡስ ውስጥ እየዘፈነ የሚያስተኛቸው። ክላረንስ፣ ምግብ ቤቱ «በጓሮ በር ግቡ» ሲላቸው ሳይበላ ያደረው። እያንዳንዱን ስም ከነአመሉ ነገሩኝ፤ ይስቃሉ፣ በተጣመመ ጣታቸው ይቆጥራሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። ሰባት ደረሱ። ስምንተኛው እምቢ አለ። ግራኝ ነበር፣ ፒች የሚሉትን ፍሬ ይወድ ነበር፣ እናቱ ካልሲ ትልክላቸው ነበር፤ ስሙ ብቻ አልመጣም። እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ጭንቅላቴን ዳበሱኝ፤ «አንቺ ቀለሙን ነው ያጠብሽው፤ ስሙን የረሳሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ይህን ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።

እሑድ ሜዳው ላይ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሰባቱን ስም ጠርተው ተቀመጡ። በዓመቱ ሲያርፉ ልጃቸው ደወለችልኝ፤ ስሞቹን ሜዳው ላይ በቆመው የአባቷ ስም ሰሌዳ ላይ ልታስቀርጽ ነው። ያቺን ወረቀት ይዤ በስልክ አነበብኩላት። አባቷ የመጨረሻውን መስመር ባዶ ተዉት ብለው እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው።

አሁንም ወደ ኦክላንድ ስሄድ ወደዚያ ሜዳ ጎራ እላለሁ። የአባባን ስም አነባለሁ፣ ከሥሩ ሰባቱን። ከዚያ ጣቴን ባዶው መስመር ላይ አሳርፍና ስሙን ለማላውቀው ሰው «ይቅር በለኝ ወንድሜ» እላለሁ።