የነጠላዋ ጫፍ

ጭስና ቅቤ የጠገበ ነጠላ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ገበያ መሀልም ብሆን እግሬ ይቆማል፤ እናቴ ትመጣብኛለች። ደባርቅ ሳለን ፊታችንን የምትጠርገው በነጠላዋ ጫፍ ነበር። የእኔን እንባ፣ የታናሽ ወንድሜን የሙሉን ንፍጥና ዓይናር፣ በመጨረሻም የራሷን ዓይን፣ ሁሉንም በዚያችው ጫፍ። በምራቋ አርጥባ ስትፈትገን ቆዳችንን ትልጠን ነበር፤ ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲጠርገን አንፈልግም ነበር።

ክረምት ጉሙ ከቡይት ራስ ተራራ ወርዶ ደጁን ሲዘጋው፣ ጭስ ውስጥ ተኮራምተን እንውል ነበር። የእናቴ ዓይን የሚብሰው ያኔ ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየዞረ ብሌኗን ስለሚወጋት፣ ሰማዩ ገለጥ ባለ ቁጥር ደጅ ወጥታ ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፍና እኔ በወረንጦ እነቅልላት ነበር። በደርግ መሠረተ ትምህርት ጊዜ ሰሌዳው አልታይ ቢላት፣ «ፊደሉ ነው የሚንቀጠቀጥ!» ብላ ቀበሌውን ሁሉ አሳቀች። እኔ ግን ፈራሁ።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት የሳይንስ አስተማሪያችን የዘይት ጣሳ በምስማር በስቶ፣ ውኃ ሞልቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለና በየተራ ፊታችንን አስታጠበን። የዓይን ማዝ በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ጨርቅ እንደሚጋባ፣ ሲቆይም ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ እንደሚያሳውር ሲነግረን፣ ስለ እናቴ የሚያወራ መሰለኝ። ቤት ስገባ፣ እንደ ልማዷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ ሙሉ ፊት ስትዘረጋ እጇን ያዝሁት።

«እማ፣ በሱ አትጥረጊው። ካንቺ ዓይን ወደሱ ይሄዳል።»



«ተጠየፍሽኝ?» አለች።

እኛ አገር ከዚህ የከፋ ቃል የለም፤ ሰው ከሰው ጋር መብላት የሚያቆምበት ቃል ነው። አለቀስሁ። እሷም ልትጠርገኝ ጫፉን አነሣች፤ ፊቴ ላይ ሳይደርስ መለሰችው። በማግስቱ ሙሉን ደጅ አውጥታ በቅል ውኃ እያፈሰሰችለት፣ «በል ታጠብ! እኅትህ ሐኪም ሆናለች» ስትለው ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ በነጠላዋ ጠርጋን አታውቅም።

በጋው ገፍቶ ምንጩ ሲሳሳ እንኳ፣ ከሩቅ ተሸክማ ከምትመጣው እንስራ የፊታችን ድርሻ አይጓደልም ነበር። ለራሷ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ጎንደር ሐኪም ቤት ሄዳ ሽፋሽፍቷን በቀዶ ጥገና እንድታስተካክል ስትመከር መንገዱ በውጊያ ተዘጋ፤ ሲከፈት ብሌኗ ነጭ ለብሶ ነበር።

ዛሬ ልጆቼ በየስማቸው ፎጣ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ቢነካ ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። የሙሉም የእኔም ዓይን ደኅና ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ አላየችንም፤ ግን ከእኛ አንዳችን ስናለቅስ ከሰማች፣ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ፈልጎ ይይዝና ወደ ድምፁ ተነሥቶ ሳይደርስ መሀል ላይ ይቆም ነበር። የቀበርናት ዕለት ብዙ ሰው ንጹሕ መሐረብ ዘረጋልኝ። እኔ የፈለግሁት ያችን ጫፍ ነበር።