ከዝናሽ ላይ ያስወለቅኩት ጃኬት

ከጣና እስከ ኩዌት ባሕር እንደኔ ያለ ጀልበኛ አልተፈጠረም። ይህንን ለሁሉም አውርቻለሁ። የሚቀጥለውን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

በኮሮናው ጊዜ ኩዌት፣ ባያን በሚባል ሰፈር የአንድ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ሰዓት እላፊው ቤት ሲያስቀምጠን፣ የቤቱ ጌታ ባባ ግቢው ውስጥ ጀልባ መሥራት ጀመረ። ራይ ከሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ያስመጣቸውን ሁለት ወፋፍራም የፕላስቲክ ቱቦዎች ጎን ለጎን በጣውላ አያያዘና የማዳምን መጋረጃ ሸራ አድርጎ ሰቀለበት። «ካታማራን ይባላል» አለኝ። እኔ መቼ ዝም እላለሁ? የጣናን ማዕበል በየስሙ እየጠራሁ ነው ያደግኩት አልኩት!

የቱቦዎቹን ጫፍ በሲሊኮን እንዳሽግ አዘዘኝ። የቀኙን አሸግኩ፤ ግራውን፣ የኛ አገር የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ አይደል የሚንሳፈፈው ብዬ ተውኩት። ደንገልና ቱቦ አንድ ናቸው? ደንገል በተፈጥሮው ይንሳፈፋል፤ ቱቦን የሚያንሳፍፈው ባዶነቱ ነው። እንደኔው።

ሰዓት እላፊው ሲነሣ ማዳምን ለምኜ ዝናሽም ከእኛ ጋር ባሕር እንድትወጣ አስፈቀድኩላት። ዝናሽ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ዓመት ኩዌት ኖራ ባሕሩን የምታውቀው በስልክ ነበር። የነበረን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት አንድ ብቻ ስለሆነ ባባ ለእሷ ሰጣት።

ሸራው ነፋስ ሲሞላ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሞተር የለ፣ ኮሽታ የለ። የከተማው ፎቆች አንገታቸውን ብቻ አውጥተው የሚዋኙ መሰሉ። ዝናሽ ጭምብሏን አውልቃ «ጋሼ፣ እግዜር ይሄን ሁሉ ውሃ በስንት ቀን ፈጠረው?» አለችኝ።

«እኔ ባግዘው ግማሽ ቀን ይበቃው ነበር» አልኳት።

ወዲያው ግራው ቱቦ ማጎንበስ ጀመረ። ባባ ውሃው ውስጥ ዘሎ ገብቶ ጀልባዋን በገመድ ወደ ዳር ይጎትት ያዘ። እኔስ? እኔ ምን አደረግኩ?

«አንቺ ልጅ፣ በባሕር ደንብ ይሄን የሚለብሰው ካፒቴኑ ነው። ቶሎ አውልቂ!»

አወለቀች። ሳትጠራጠር አወለቀችና ማሰሪያውን ራሷ አሰረችልኝ። «እርስዎ ካሉ እኛም እንተርፋለን፣ ጋሼ» አለች። እኔ ነኝ ያስወለቅኳት። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እሷስ አልፈራችም? ቀኙ ቱቦ ላይ ተለጥፋ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ስትል እጇን ጨበጥኩ፤ እግራችን አሸዋ እስኪነካም አልለቀቅኩም።

ዛሬም በየበዓሉ ትደውላለች። ያገኘችው ሰው ሁሉ «ጋሼ እጄን ይዘው አተረፉኝ» ስትል ሰምቷል። እኔም እያመሰገንኩ ስልኩን እዘጋለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ብል መጀመሪያ ይህንን ማወቅ አለባት፦ እጇን የያዝኩት ላተርፋት አልነበረም፤ እንዳትለቀኝ ነው። ጃኬቱን ለብሼም ቢሆን።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ታንኳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ዋናም አልችልም።