ሳይነካኩ የተጣሉት ልጆቼ

ዛሬ ከሰዓት የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ይመር አሜሪካ ያሉትን ሁለት ልጆቼን በስልክ ሊያስታርቁልኝ ግቢዬ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው፣ አቅቷቸው ተነሡ።

ካሳሁንና መላኩን ያዘልኳቸው በአንድ አንቀልባ ነው። የሚኖሩትም አንድ ከተማ ነው። በአሜሪካ ምርጫ አንዱ ምልክቱ ዝሆን የሆነውን ፓርቲ መረጠ፣ ሌላው ምልክቱ አህያ የሆነውን፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

አህያ እዚህ እኔ ያለሁበት አሶሳም ሞልቷል፤ ውኃ ይጭናል እንጂ ወንድማማች አያጣላም።

ለአባታቸው የሰባት ዓመት ተዝካር ኑልኝ ብል፣ ሁለቱም «እሱ ከመጣ አልመጣም» አሉኝ።

ጋሽ ይመር እንደ ልማዳችን ከታላቁ ጀመሩ። «ካሳሁን፣ ልጄ፣ ወንድምህ ምን ወሰደብህ?»

«ምንም አልወሰደብኝም፣ አባባ።»

«መታህ? ሰደበህ?»

«ኧረ አልነካኝም። አስተሳሰቡ ነው።»

ለመላኩም ተደወለ። እሱም ያንኑ መለሰ።

ጋሽ ይመር ስልኩን መለሱልኝ። «የወሰደ ይመልሳል፣ የመታ ይክሳል። እዚህ አገር ከብቱ የተነዳበት እንኳ ታርቆ አብሮ ገበያ ይወጣል። እነዚህ አልተነካኩም፤ ማንን ካስ ልበል?»

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ የልጆቼን መልእክት ጎረቤት እንዳያነብልኝ ብዬ። አሁን ሁለቱም ጽፈውልኛል፤ አንድ ዓይነት ቃል ነው። «እማዬ፣ አንዳችንን ምረጪ።»

አንዱን ብጠራ ሌላውን በቁሙ ቀበርኩት። ዝም ብል ባሌ ልጅ እንደሌለው ሰው ይዘከራል።

እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ጠብ ገብቶ የበረደ ካለ፣ እንዴት እንደበረደ ጻፉልኝ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ እናንተ ግን ቶሎ ጻፉ፤ ተዝካሩ ጥቅምት ነው።