ያላበው ሞተር

በጃቫዋ ማላንግ ከተማ የታደሰ የቮልስ ሞተር ገዝቶ ያልተቆጨ ሰው ካለ፣ ፓክ ዊርዮኖን፣ በእኛ አቶ ዊርዮኖን፣ ይዞ የሄደ ነው ይባላል። ሰውዬው ከሁሉ በፊት መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቅ ካለ ሻጩ ገዢ ሳይመጣ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ቀድሞ የተነሳ ሞተር ደግሞ ጉዱን አያወጣም። ያን ጊዜ በትሕትና አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እስቲ እናስብበት» ይላሉ፤ በጃቫ ይህ «ደህና ሰንብቱ» ማለት ነው። በዚህች ቃል ያላስኮረፉት ሻጭ የለም።

የገዛ ቮልሳቸው ሞተር የተሰነጠቀው የልጃቸው የሬትኖ ሠርግ ሲቃረብ ነው። ሚስታቸው ደግሞ ሙሽራዋ እናቷ በተዳሩባት በዚያችው መኪና እንደምትመጣ ለአማቾቹ ተናግረዋል። ፓክ ዊርዮኖ ሻጮቹን ቢዞሩ አንዱ «ተሸጧል» አላቸው፤ ሌላው ከጓሮው አልወጣም። የቀሩት፣ ሟች ባለቤታቸው አሳድሰው ያስቀመጡትን ሞተር የሚሸጡት ቡ ካርሲናህ የሚሏቸው ወይዘሮ ብቻ ነበሩ።

ሞተሩ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ፓክ ዊርዮኖ መዳፋቸውን ሰደዱ፤ ወዲያው መለሱት። ቀዝቃዛ ነው። በእኩለ ቀን ግን እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ከየት ይመጣል? ብረቱ ላይ ውሃ ችፍ ብሏል፤ ከማቆሚያው ሥር የበረዶ ስባሪ ይቀልጣል።

«አልቦታል» አሉ።

«ሙቀቱ ነው፣ ፓክ። እኔንም አልቦኛል። ይልቅ ሻይ ይጠጡ።»

«እጠጣለሁ። እሱም እስኪሻለው ይረፍ።»

ተቀመጡ። ቸኮሉ እንዳይባሉ አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ ናቁ እንዳይባሉ ደገሙ። የተጠበሰ ሙዝ መጣ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ጎረቤት ጉልበት ሕመም ተወራ፤ ስለ በረዶው ማንም ትንፍሽ አላለም። ፓክ ዊርዮኖ በሆዳቸው ክፉ ክፉውን ያስባሉ፤ እንዲህ የተለፋለት ሞተር ቢያንስ ተሰንጥቋል። «እስቲ እናስብ...» ብለው ጀመሩና ሚስታቸው ትዝ አሏቸው። ከዚያ በዕድሜያቸው ሻጭን ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ።

«ቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምኑን ነው የደበቁኝ?»

ሴትየዋ ጎረቤት ሰምቶ እንደሆነ ብለው አጥሩን ገላመጡ። ከዚያ ዘረገፉት።

«ጭሱን! ሲነሳ ያጨሳል። ጠዋት አስነስቼ አስጨረስኩት። የእርስዎ መዳፍ ክፉ ነው ሲሉኝ ደግሞ በረዶ አስገዛሁ።»

«ለምን ያህል ጊዜ ያጨሳል?»

«ሻይ እስኪቀዳ። ከዚያ ምንም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው! ማንም አልጠየቀኝማ! የመጣው ሁሉ እናስብበት ብሎ ሄደ፤ እስካሁን እያሰቡ ነው!»

ፓክ ዊርዮኖ ተነስተው መዘውሩን በእጃቸው አዞሩ፤ ወዲህ ወዲያ ሳቡት፤ አልተወዛወዘም፤ ውስጡ ጤነኛ ነው።

«ቡ፣ ቆሞ የከረመ ቮልስ ዘይት ሾልኮበት ሲነሳ ያጨሳል። ይህ ጉንፋን እንኳ አይደለም።»

«ታዲያ በረዶዬን በከንቱ ነው የጨረስኩት?»

የሠርጉ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ቮልሷ ከቡ ካርሲናህ በተገዛው ሞተር ስትነሳ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። በጃቫ ወግ የሙሽራዋን ግንባር በጥቁር ቀለም ስታስጌጥ ያነጋችው ሴት የሙዝ ቅጠል ነጥቃ እያራገበች ፓክ ዊርዮኖን፣ መኪናቸውንና መኪና የሚባል ነገር ያመጣውን ሁሉ ተራገመች። እርግማኗ አልቆ ትንፋሽ ስትስብ ጭሱም አልቋል። ሬትኖ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።