ከሱቁ ጀርባ ያሉት መራጮች

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሌሎችን ታፔላ እያየሁ፣ የተጣመመውን ፊደል በልቤ እያቃናሁ ነው የለመድኩት። መርካቶ ውስጥ ከአንድ ፍራሽ ቤት አጠገብ፣ ደረጃ ሥር፣ ብሩሼንና ቀለሜን ዘርግቼ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። የፍራሽ ቤቱ ባለቤት ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው።

አንድ ጠዋት ጋሼ አራት ሜትር ጨርቅ ይዘው መጡና ፊቴ ዘረጉት።

«ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩ ዕጩ በል። ከዚያ የኔን ስም አስከትል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። አልቀለዱም። አንድ ትንሽ ፓርቲ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ እሳቸው ጋ ደርሷል፤ እሳቸውም ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል ብለው ተስማምተዋል። የፓርቲው የምርጫ ምልክት መሰላል ነበር። ስንት ደረጃ እንዲኖረው ጠየቅኋቸው። «ሰው ከወጣበት ስንትም ይሁን» አሉ። እኔ ግን ፓርቲው የላከውን ወረቀት አስመጥቼ ቆጠርኩ፤ ሰባት ነው። ሰባት አደረግኩት።

መወዳደር የፈለጉበትን ምክንያት ለመጣው ገዢ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ከመንገዱ ተነሥቶ ሱቃቸው ይገባል፤ የታችኛው ረድፍ ፍራሽ ውሃ ይጠጣል። ስለ መውረጃ ቱቦው ለዓመታት ማመልከቻ አስገብተዋል። «ምክር ቤቱ ውስጥ አንድ የመርካቶ ሰው ቢኖር ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እሱን የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው። ልወዳደር ነው ሲሉ ባለቤታቸው ስቀዋል። ሳቁ ሦስት ቀን አላስተኛቸውም።

መሸነፍ ግን በሐሳባቸው አልነበረም። ከአውቶቡስ ተራ እስከ በርበሬ በረንዳ በእግራቸው ሲሄዱ ሰላም የማይላቸው የለም፤ የአስር ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ነጋዴው፣ ደላላው፣ ኩሊው፣ ሊስትሮው ሁሉ «ጋሼ፣ እኛ ለእርስዎ ነን» ይላቸዋል። እሳቸውም እጅ በጨበጡ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብለው ጣት ያነሣሉ፤ አንድ ድምፅ ተገኘ ማለታቸው ነው።

ቅስቀሳ የሚፈቀድበት የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ምርጫው ዕለት፣ እስከ ሰኞ ድረስ፣ ዝም ማለት ግዴታ ነው። ስለዚህ ጋሼ ያላቸውን ሁሉ ለዚያ ረቡዕ አወጡት። ፍራሽ የሚያመላልሰው አይሱዙ ሞንታርቦ ተጫነበትና ከሱቁ ጎን፣ ወደ ጀርባ ሰፈር በምታስገባው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ቆመ። የእኔ ጨርቅ በጎኑ ተወጠረ። ስድስት ፍራሽ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው የኩሊዎቹ አለቃ ደግሞ እውነተኛ መሰላል በትከሻው ይዞ፣ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ደብተር ያዝና የመጣውን ሁሉ ስምና ስልክ ጻፍ» አሉኝ ጋሼ። «ፓርቲው ሕዝቤን ማየት ይፈልጋል።»

ደብተሩን አሰመርኩ። ስምና ስልክ ብቻ ሲሆን ከገጹ ሲሶው ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ገጽ ደግሞ አልወድም። ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩና በላዩ «የመራጭ ካርድ የወጣበት ሰፈር» ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ ልክ መሆኑን ለማየት በመጀመሪያ የራሴን ስም አሰፈርኩ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ «ኮልፌ» ብዬ ጽፌ እስክሪብቶዬ ቆመ። እኔ የማድረው ኮልፌ ነው። ካርዴም የወጣው እዚያው ነው። ለጋሼ ከአንድ ወር በላይ ስደክም ይህ ነገር አንድም ቀን አልታየኝም።

እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ቀጠልኩ።

«ካርድ ከየት ነው ያወጣኸው?» እላለሁ።

«አየር ጤና።»

«አንተስ?»

«ጀሞ። ምነው፣ ቤቴ መጥተህ ልትጠይቀኝ ነው?»

ቀጣዩ አስኮ አለ። ከሱ ኋላ የነበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ቡራዩ ናቸው፤ ከከተማውም ውጪ። የጫማ ነጋዴዋ ዓለም ባንክ ሰፈር። አንዱ ኩሊ ካርዱን ያወጣው እርሻውን ሊያይ የሄደ ጊዜ ሀገር ቤት መሆኑን ነገረኝና የምርጫው ለት እዚያ የሚያደርሰኝ መኪና የለም ብሎ አዘነ። የመጀመሪያው ገጽ ሃያ ስድስት መስመር ነበረው። ከሃያ ስድስቱ የእኛ ምርጫ ክልል ሰው ሁለት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ።

ጋሼ በዚህ መሀል መኪናው ላይ ወጥተው ማይክሮፎን ይዘዋል። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። «ወገኖቼ፣ እኔን አዲስ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ» ይላሉ። ንግግሩ ስለ ቱቦ ነበር። ከቱቦ ወደ ጎርፍ፣ ከጎርፍ ወደ ስፖንጅ ጥራት አለፈ፤ እዚያ ላይ ረዘም አለ።

«ጋሼ» አለ የኩሊዎቹ አለቃ ከታች፣ «ንግግሩ ከፍራሹ ይበልጣል። ቆመን እንቅልፍ ወሰደን።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ጋሼም ሳቁ። ዘፈን እንዲከፈት አዘዙና ውሃ ሊጠጡ ወደ መኪናው ጠርዝ መጡ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ግን ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። የኮታቸውን ጫፍ ሳብ አደረግኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እርስዎን አይመርጡም።»

«ማነው እሱ? አሳየኝ።»

«ሁሉም። መምረጥ አይችሉም። ካርዳቸው የሚያድሩበት ሰፈር ነው።»

ደብተሩን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አውጥተው መስመሩን በጣታቸው ወረዱበት። ዕቃ ሲረከቡ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «አየር ጤና። ጀሞ። አስኮ። ቡራዩ፣ ቡራዩ። አየር ጤና።» ቀና አሉ። «ይሄ ሁሉ አየር ጤና እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ቀን ይነግዳል፣ ማታ ይሄዳል።»

ጣታቸው ተመልሶ ወደ ገጹ አናት ወጣና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ።

«አንተም?»

«ኮልፌ ነኝ፣ ጋሼ።»

ደብተሩን መለሱልኝ። እኔ ግን ነገር ጎዶሎ ሲሆን አልችልም፤ የቀረው አንድ ሰው ነበር። «የእርስዎስ ካርድ?» አልኳቸው።

ጋሼ አያት አካባቢ ቤት ሠርተው ከገቡ አስራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መርካቶ የተወለዱ ስለሆኑ እዚህ ለመወዳደር ይችላሉ ብሎ ፓርቲው አረጋግጦላቸዋል፤ ካርዱን ግን ከባለቤታቸው ጋር ሄደው ከቤታቸው አጠገብ ነው ያወጡት። ከደረት ኪሳቸው አወጡት። ፊቱን አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ እንደገና ፊቱን።

«ወላሂ» አሉ ቀስ ብለው።

የኩሊዎቹ አለቃ መሰላሉን ተደግፎ ሲያዳምጥ ነበር። «እሳቸውም ካልመረጡት» አለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ተስፋ አለው?»

ጋሼ አልተቆጡም። መንገዱን የሞላውን ሕዝብ ግራና ቀኝ አዩት። ሠላሳ ዓመት የሚያውቋቸው ፊቶች ናቸው፤ ያጨበጭባሉ፤ አንዳቸውም ለሰኞ አይሆኗቸውም።

«ታዲያ እዚህ የሚያድረው ማነው?» አሉ።

አለቃው በአገጩ አሳያቸው። «ከመኪናው ጀርባ።»

ዞረን አየን። አይሱዙው ጠዋት የዘጋት ጠባብ መንገድ ላይ፣ በግድግዳውና በጎማው መሀል፣ ዘንቢል የያዙ አንዲት ባልቴት ቆመዋል። ሰባ አምስት ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም።

«ንግግሩ አለቀ?» አሉ። «ልለፍ?»

ጋሼ ከመኪናው ወረዱ። ሹፌሩን ጠሩት፤ ሹፌሩ ከሕዝቡ መሀል ገብቶ ሲጨፍር ጥሪውን አልሰማም። የባልቴቷን ዘንቢል ራሳቸው ተቀበሉና በጎማው ጎን ሾልከው ተከተሏቸው። እኔ ደብተሬን፣ አለቃው መሰላሉን ይዘን ተከተልን። መሰላሉን ለምን እንደያዘው አላውቅም፤ ጠዋት ከተሸከመው ጀምሮ አውርድ ያለው ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

ትንሽ እንደሄድን ባልቴቷ ቆመው ጋሼን ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው አዩዋቸው።

«አንተ የጆንያ ሰፊው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«እንዴት አርጅተሃል።»

ያስገቡን ግቢ አስራ አራት የቤት በር አለው። ጋሼ የተወለዱት በጥግ በኩል ካለው በር ውስጥ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ገብተው አያውቁም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የግቢው አንደኛው ግድግዳ የፍራሽ ቤቱ ጀርባ ነበር። እኔ ከፊቱ ስምንት ዓመት ተቀምጬ ጀርባውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከጣሪያው የሚወርደው አሸንዳ አፉን ወደ ግቢው አዙሯል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሠርቷል። እትዬ በር ላይ ሦስት ጡብ ተደርድሮ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ የሚረገጥ።

«ምክር ቤት ስለ ውሃ ልትነግራቸው ነው አሉ» አሉ እትዬ። «ይሄስ ውሃ የማን ነው?»

ጋሼ አሸንዳውን ቀና ብለው አዩት።

«የኔ ነው» አሉ።

«እኔማ አውቃለሁ። አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

በየበሩ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። አለቃው ጊዜ አላጠፋም፤ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ምልክታችን ሥራ አገኘ» አለና ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ የአሸንዳውን መታጠፊያ ነቅሎ ወደ መንገዱ በኩል አዞረው። ጋሼ ከታች መሰላሉን ይዘው፣ ኮፍያቸው ላይ ዝገት እየረገፈ ቆሙ። ፊት ለፊት በኩል ሞንታርቦው ስለሳቸው እየዘፈነ ነበር፤ ዕጩው የት እንደገቡ ግን ሕዝቡ አያውቅም።

ከዚያ በር በር አንኳኩ። ከዚያ ግቢ ወደሚቀጥለው፣ ከሚቀጥለው ወደ ሌላው ሄድን። በሱቁ ፊት ለፊት ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው፣ እዚህ ራሳቸውን ማስተዋወቅ ነበረባቸው። «ፍራሽ ቤቱ ያለው ነኝ» ይላሉ። «መኪናው መንገድ የሚዘጋው?» ይባላሉ። «አዎ» ይላሉ። ቅስቀሳ የሚያበቃበት ሰዓት ሲደርስ ብዙ በር ይቀረን ነበር።

ሰኞ ለት ሁላችንም በየሰፈራችን ተሰለፍን። እኔ ኮልፌ ሰልፍ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ።

«እዚህ የተወዳደሩትን አንዳቸውንም አላውቃቸውም» አሉ ጋሼ ከአያት።

«ፎቶአቸው አልተለጠፈም?»

«ተለጥፏል። አንድ ሰው እንኳን በሬን አላንኳኳም።» ቅር ብሏቸዋል። ከዚያ «በሬን» ብለው ቀስ አድርገው ደገሙት፤ ነገሩ እንደገባቸው ከድምፃቸው አወቅኩ። «እሺ፣ ደህና ሁን» ብለው ዘጉት።

ተሸነፉ። ለጥቂት ቢሆን ለጥቂት እል ነበር፤ አይደለም። በማግስቱ ከሱቁ ጀርባ ባለው ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ውጤቱ ተለጠፈ፤ ጋሼ ሃምሳ ስምንት ድምፅ አግኝተው ሦስተኛ ነበሩ። ቁጥሩን ቆመው ብዙ አዩት።

«እነዚህን ላመስግን» አሉኝ።

«ማን እንደመረጠዎት አይታወቅም እኮ፣ ጋሼ።»

«ሁሉንም አመሰግናለሁ። የመረጡኝ ከነሱ ውስጥ ይገኛሉ።»

መጀመሪያ የገባነው እትዬ ቤት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡን። ጋሼ ምስጋናቸውን ጀምረው ሳይጨርሱ እትዬ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«እኔ እንኳን አልመረጥኩህም።»

ጋሼ እኔን አዩኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

«ምነው እትዬ? አሸንዳውን አዞርኩ አይደል?»

«አዞርክ፤ እግዜር ይስጥህ። ግን ስንት ዓመት ጠፍተህ አንድ ቀን መጣህ፤ ያን ቀን ደግሞ የምትፈልገው ነገር ነበረህ። እኔ በርበሬ እንኳን የምገዛው ስንቴ ተመላልሼ፣ ስንቴ ቀምሼ ነው።»

«ለሚቀጥለውስ?»

«ለሚቀጥለው አምስት ዓመት አለህ። በየወሩ ና።»

ጋሼ ተስተካክለው ተቀመጡ። ከረቡዕ ወዲህ እንደዚያ ነቅተው አላየኋቸውም።

«በየወሩ ይበዛል። በዓመት ሦስቴ።»

«አስር።»

«አራት። ሱቅ አለብኝ፣ እትዬ።»

«ሱቅህ ይሄው» አሉ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው። «ስምንት።»

ጋሼ ተነሡ። ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ በሩ አመሩ፤ ገዢ ከሱቅ ሲወጣ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብለው፣ እስኪጠሩ እየጠበቁ። አልተጠሩም። በሩ ላይ ቆመው ዞሩ።

«ስድስት» አሉ።

«ስድስት» አሉ እትዬ። «የዛሬው ግን አይቆጠርም።»