የቆቃው መስክ እንጉዳይ

ያ መስክ ዛሬ የለም፤ የቆቃ ውኃ ውጦታል። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት በፊት ግን እኛ ሠላሳ ወታደሮች እዚያ ሰፍረን ነበር። ከአዳማ ስንነሣ የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነው፦ ሽፍቶች አዋሽን እንዳይሻገሩ መሻገሪያውን ጠብቁ፤ ከበዙባችሁ ወደ ኮረብታው አፈግፍጉ።

ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። በደረስን በማግስቱ በሶአችን የተጫነባትን በቅሎ ጎርፍ ወሰዳት። ሦስት ቀን ያለ እህል ቆየን። በአራተኛው ጧት ዝናቡ ሲያባራ መስኩ በነጫጭ እንጉዳይ ተሞልቶ አየን። በእኛ አገር የጅብ ጥላ ብለን ረግጠነው እናልፋለን። እኔ ደግሞ ያላወቅሁትን ነገር ካልነካሁ ዕረፍት የለኝም፤ ተንበርክኬ አገላበጥሁት።

ከመካከላችን የዚያው አገር ልጅ የሆነው ቱፋ መጥቶ ከጎኔ ቁጢጥ አለ። «ከጥላው በታች ሆዱ ቀላ ያለውን ልቀም። ከብት በሚውልበት ሣር ላይ የሚወጣውን እናቴ ታበላን ነበር። ሆዱ ነጭ ሆኖ ሥሩ ከረጢት ያለውን ግን እንዳትነካ፣ እሱ ገዳይ ነው» አለኝ።

በጣሳ ክዳን ላይ ጨው ነስንሶ ጠበሰው። «አንተ ቅመስና እኛ እንይህ» አሉኝ ጓዶቼ። የድንኳን ባልንጀራዬ ወልዴ፣ ድቁና ትቶ የዘመተው፣ አንዷን በጣቱ ይዞ ይጠብቀኛል። ቀመስሁ። ገረመኝ።

«ሰዎች፣ ይሄ እኮ ሥጋ ሥጋ ይላል» አልሁ።

ወልዴ የያዛትን ሣሩ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «በፍልሰታ?»

«ተክል እኮ ነው።»

«ቅጠል የለው፣ አበባ የለው፣ ዘር የለው። ምን ዓይነት ተክል ነው?»

እኔንም የገረመኝ ይኸው ነበር። ሌሎቻችን በላን፤ እስከ ማታ ሆዳችንን እየዳበስን ጠበቅን፣ ማንም አልታመመም። ወልዴ ውኃ ጠጥቶ ተኛ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሽፍቶቹ መጡ። እጥፋችን ነበሩ። ተኮስን። ተኮሱ። ሃምሳ አለቃችን «ወደ ኮረብታው» አለ። ሮጥን። አጋማሹ ላይ የወልዴ ጉልበት ከዳው። «ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» አለኝ። ሄድሁ። አልደረሰብኝም።

ኮረብታውን ያዝን። ሦስት ሰዓት ላይ ሽፍቶቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ሬሳችንን ቆጠርን፤ አራት። ሦስቱ መሻገሪያው ዳር የወደቁ ናቸው፣ አራተኛው ወልዴ ነው።

አዳማ ስንመለስ አንድ ቄስ ጠየቅሁ። «አባ፣ እንጉዳይ ጾም ያስገድፋል?»

ሳቁ። «እንደ ጎመን ነው ልጄ። ምነው ጠየቅኸኝ?»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ያን ዕለት ዝም ብዬ ባኝክ ኖሮ ወልዴም ይበላ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክረምት ሲገባ የልጅ ልጆቼ ከመስክ እንጉዳይ ለቅመው ያመጡልኛል። አንድ በአንድ ሆዱን አያለሁ፤ ከዚያ ይጠበሳል። «አባባ፣ ምን ምን ይላል?» ይሉኛል።

«ቅመሱና እዩት» እላቸዋለሁ።