ከባሕር ዛፍ ጋር የተነቀለው አኻያ

ከአረብ አገር ስመለስ ከአባቴ የደረሰኝን መሬት ወንዙ ግማሹን በልቶት ጠበቀኝ። ከደብረ ታቦር ወረድ ብሎ ያለ የወንዝ ዳር መሬት ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ከጎኔ ያርሳል። አባታችን በሕይወት ሳሉ አፈሩን ይዞት የነበረው የአኻያ ዛፍ እኔ በሌለሁበት ለማገዶ ተቆርጦ አልቋል።

መልሼ ላበቅለው ተነሣሁ። አኻያን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን እየጠፋ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ብዙው ሰው ባሕር ዛፍ ይለዋል። እኔ አልስተውም። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ጀርባው ነጣ ይላል። ባሕር ዛፍ በእጅ ሲታሽ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ አኻያ እንዲያ አይሸትም። ወንዙን ሽቅብ ተከትዬ ገደል ሥር የተረፈ አንድ ዛፍ አገኘሁ። ክረምቱ ሲወጣ ዘንጉን እየቆረጥኩ እርጥቡ አፈር ላይ ተከልኩ። በበጋ በጀሪካን አጠጣሁት፣ ከብት እንዳይበላው በእሾህ አጠርኩት። ጸደቀ፤ ቁመቴንም አለፈ።

ከዚያ እናቴ ታመመችና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አስተኛኋት። በዚያው ሰሞን ከወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ይነቀል ተብሎ የመንደሩ ሰው ለዘመቻ ወጣ። ስመለስ አኻያዎቼ ከነሥራቸው ተጋድመዋል።

ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ይህን ማን ነቀለው?»

«እኛው ነን ልጄ። ወጣቶቹ ባሕር ዛፍ ነው አሉ። እኔ ተጠራጥሬ ወንድምሽን ጠየቅሁት፤ ‹ባሕር ዛፍ ነው፣ ንቀሉት› አለን።»

ወንድሜ! ልጆች ሆነን ከአኻያ ልጥ ፊሽካ የሚሠራልኝ እሱ ነበር። ቤቱ ሄድኩ።

«አኻያ መሆኑን አላወቅህም?»

«አውቄያለሁ» አለ፤ ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። «ጥላው ድንቼን አቀጨጨው። አንቺ ደግሞ ነገ ተነሥተሽ አረብ አገር ትሄጃለሽ። እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትነቅይው ነበር?»

ወጥቼ ሄድኩ።

በክረምት ወንዙ ሞልቶ የኔን ዳር ገመሰው፤ የሱንም ድንች ጠርጎ ወሰደ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። እናቴ ድና ስትመጣ ሁሉንም ነገርኋት።

«ወንድምሽ ነው፣ ተይው» አለችኝ።

እሱን ግን አንዲት ቃል አልተናገረችውም። ከሱ ይልቅ በሷ አዘንኩ። አሁን ሐሙሲት ከተማ ቤት ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። ለበዓል ነይ ሲሉኝ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ።